ሆድሽ ወርዷል

በ2010 ዓ.ም. የገና ዕለት፣ ከብዙ ወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ዶሮ ወጥ ሳያቃጥለኝ በላሁ። ከዚያ በፊት ሁለት ጉርሻ ከወሰድኩ ደረቴ ላይ እሳት ይነድ ነበር። ሌሊትም ሦስት ትራስ ደራርቤ ካልተደገፍኩ እንቅልፍ አይወስደኝም። ያን ዕለት ግን ትንፋሼ ሳይቆራረጥ እስከ ታች ይገባል። ለበዓሉ ቤታችን የመጡት ጎረቤታችን እትዬ ሁለተኛ እንጀራ ሳነሳ አይተው ከላይ እስከ ታች ቃኙኝና «ሆድሽ ወርዷል፤ ወርሽ ገብቷል» አሉኝ።

ደነገጥኩ። «ወረደ» የሚለው ቃል ለነፍሰ ጡር ጆሮ የሚያስፈራ ቃል ነው፤ ጽንስ ሲጠፋም «ወረደባት» ነው የምንለው። እትዬ ፊቴን አይተው ገባቸውና እጄን ያዙ። «እሱ አይደለም የኔ ልጅ፤ ልጁ መንገዱን ይዟል ማለቴ ነው» አሉኝ።

ከሦስት ቀን በኋላ በጤና ጣቢያ የክትትል ቀጠሮዬ ነበር። አዋላጇ ሆዴን ከላይ፣ ከጎን፣ ከዚያም ከታች በኩል ዳሰሰችና እትዬ በዓይን ብቻ ያዩትን በእጇ አረጋገጠች። የልጁ ጭንቅላት ወደ ዳሌ አጥንት መግባት ጀምሯል። ስለዚህም ሳንባዬና ጨጓራዬ ትንሽ ቦታ አገኙ፤ ፊኛዬ ደግሞ ተጨነቀ። ሌሊት ለሽንት የምነሳበት ቁጥር በእጥፍ የጨመረው ለዚህ ነበር። የመጀመሪያ ልጅ ከሆነ ሆድ የሚወርደው ብዙውን ጊዜ ምጥ ከመምጣቱ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ቀደም ብሎ ነው። ከዚህ በፊት ለወለደች ሴት ግን ምጡ እስኪጀምር ላይወርድ ይችላል፤ «ሆዴ አልወረደም፤ ገና ነኝ» ብላ የምትዘናጋ ወላድ ልትሳሳት ትችላለች ማለት ነው።

የቀን አቆጣጠሩን ነገር እዚህ ላይ ላንሳው፤ ብዙ ጭንቀት የሚመጣው ከእሱ ስለሆነ። የመጨረሻ የወር አበባዬ የመጣው ሚያዝያ 16 ቀን 2009፣ የዳግማ ትንሣኤ ማግሥት ነበር። አዋላጇ በጣቷ ቆጠረች፦ በእኛ አቆጣጠር ዘጠኝ ወር ከ10 ቀን ይደመራል፤ ጳጉሜን መሀል ከገባች ግን አምስቱ ቀን የእሷ ስለሆነ ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን ይሆናል። በሁለቱም መንገድ 280 ቀን ነው። የእኔ ጥር 21 ላይ አረፈ፤ አስተርእዮ ማርያም።

እናቴ ይህን ስትሰማ ተነስታ ተሳለመች። ለእሷ ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን ተራ ቁጥር አይደለም። ከመጋቢት 29 ብሥራት እስከ ታኅሣሥ 29 ልደት ድረስ እመቤታችን የፀነሰችበት ጊዜ ነው። እንዲህ ያለ ቁጥር በምርመራ ካርድ ላይ ተጽፎ ስታየው ቀኑ የተቆረጠ መሰላት። አዋላጇ ግን ካርዱን ስትመልስልኝ «ይህ ቀን ምልክት እንጂ ቀጠሮ አይደለም» አለችኝ። ከመቶ እናቶች በተባለላቸው ቀን የሚወልዱት አምስት ቢሆኑ ነው። ከ37ኛው ሳምንት እስከ 42ኛው ባለው ጊዜ የሚመጣ ልጅ ሁሉ በጊዜው የመጣ ነው። ቀኑን የምታውቀው ማህፀኔ ብቻ ነበረች፤ እኔ የምችለው የምትለውን ማድመጥ ነው።

እሷም መናገር የጀመረችው በከተራ ዕለት ነበር። ታቦታቱ ሲወርዱ ለማየት ከቀትር ጀምሮ ፀሐይ ላይ ቆሜ ነበር። የባሕር ዳርን የጥር ፀሐይ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ ያታልላል እንጂ ራስ ይበሳል። እልልታው መሀል ሆዴ እንደ ከበሮ ተወጠረ። ጠንክሮ ቆየና ለቀቀኝ። ጥቂት ቆይቶ ደገመኝ። ከአንድ ዘንባባ ሥር ተቀምጬ አንድ ጠርሙስ ውሃ ጠጣሁ፤ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ጠፋ።

ይህን አዋላጆቻችን «የውሸት ምጥ» ይሉታል። ጆን ብራክስተን ሂክስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1872 ስለጻፈበት በሕክምናው ዓለም በእሱ ስም ይጠራል። እኔ «የውሸት» የሚለውን ቃል አልወደውም። አንዲት ሴት ሌሊት ደንግጣ ጤና ተቋም ደርሳ «የውሸት ነው፤ ተመለሺ» ስትባል እንደዋሸች ይሰማታል፤ በሚቀጥለው ጊዜ እውነተኛው ሲመጣ ታመነታለች። ማህፀን ጡንቻ ናት። ጡንቻም ከሥራው ቀን በፊት ይለማመዳል። የሚለየው ነገር ልምምዱ ሥርዓት የሌለው መሆኑ ነው፦ አንዴ በስምንት ደቂቃ፣ አንዴ በግማሽ ሰዓት ይመጣል፤ እየበረታ አይሄድም፤ ውሃ ሲጠጡ፣ ጋደም ሲሉ ወይም ተነስተው ሲራመዱ ይተዋል። ጥማት፣ ድካምና የሞላ ፊኛ ይቀሰቅሱታል። ይህን ሦስቱን አስተካክላችሁ ካልተወ ግን ለአዋላጅ መንገር ነው። ከ37ኛው ሳምንት በፊት ከሆነ ደግሞ ጨርሶ መጠበቅ የለም።

ከጥምቀት በኋላ ያለው ሳምንት በዝግጅት አለፈ። የሰፈር ሴቶች ተሰብስበው የገንፎውን ገብስ ቆሉልኝ። እናቴም ከዘጌ በጀልባ መጣች፤ ቡናዋን ይዛ፣ የተልባ ዱቄት በላስቲክ ቋጥራ። ተልባ ልጅን እንደሚያንሸራትት ታምናለች። እኔ ለልጁ ሳይሆን ለሆድ ድርቀቴ ጠጣሁት፤ ለእሱስ ጠቀመኝ። በዚያው ሰሞን መጋረጃውን ሁሉ አውርጄ አጥቤ ነበርና ይህም «ወሯ የገባ ሴት ምልክት ነው» ተባለ። እኔ ከምልክት አልቆጥረውም። አራስ ቤቷን የምታስብ ሴት ቤቷን ብታጸዳ ምን ይገርማል? ወገቤን እንደሚቆርጠኝና ሆዴ አንድ ቀን ሙሉ ሲላላብኝ እንደዋለ ግን እቆጥረዋለሁ። ማህፀን በርን የሚያለሰልሰው ንጥረ ነገር አንጀትንም ሊያነቃቃ እንደሚችል በኋላ ተነግሮኛል።

ጥር 15 ማክሰኞ ጠዋት መታጠቢያ ቤት ውስጥ ንፍጥ የመሰለ፣ ወፍራም፣ ሐምራዊ ክር የቀላቀለ ነገር አየሁ። ይህ ዘጠኝ ወር ሙሉ የማህፀንን በር ደፍኖ የቆየው ነው። በሩ መሳሳትና መላላት ሲጀምር ይለቃል፤ ትንንሽ የደም ሥሮች ስለሚበጠሱም ደም ይቀላቀልበታል። ምጥ በሰዓታት ውስጥ ሊከተል ይችላል፤ ሳምንትም ሊዘገይ ይችላል። የወር አበባን ያህል የሚፈስ ቀይ ደም ከሆነ ግን «ምልክት አየሁ» ተብሎ ቤት የሚቀመጡበት አይደለም። ያ አደጋ ነው፤ በዚያው ሰዓት መሄድ ነው።

ለእናቴ ነገርኳት። ጎንበስ ብላ «ለማንም እንዳትናገሪ» አለችኝ።

ስለዚህ ነገር ለመጻፍ ለዓመታት አስቤ ተውኩት፤ እናቴን የማማ እየመሰለኝ። እናቴ ምጥ ብዙ ሰው ካወቀው ይረዝማል ብላ ታምናለች። የሰው ዓይንም ትፈራለች። ሴት ልጅ ምጧን ጥርሷን ነክሳ የምትይዝ፣ ድምጿ ከጓዳ የማይወጣ ከሆነ ነው ጨዋ የምትባለው። እሷም ሰባት ጊዜ እንዲያ ሆና፣ ሰባቱንም በቤቷ ወለደች። በስልኬ ያነበብኩትን ሳነብላት ደግሞ «ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች» ትለኛለች፤ ተረቱ የተፈጠረው ለእኛ ለሁለታችን ይመስል። ጥርጣሬዋን አከብራለሁ። ሆድ መውረዱን፣ ወገብ መቁረጡን፣ ምልክት መታየቱን አንድም መጽሐፍ ሳታይ ታውቃለች። ያልተስማማነው በማወቅ ላይ አልነበረም፤ ያወቁትን በመደበቅ ላይ ነው።

እኔም ደበቅኩ። ጥር 17 ሐሙስ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ስነሳ ልብሴ ረጥቦ አገኘሁት። በፊልም እንደሚታየው ወለል ላይ የተዘረገፈ ውሃ ቢሆን ኖሮ አልጠራጠርም ነበር። ይህ ግን እርጥበት ብቻ ነው። ፊኛዬ ተጨንቆ ስለሰነበተ ሽንት አመለጠኝ ብዬ አሰብኩ፤ አፈርኩም። ቀየርኩ፤ እንደገና ረጠበ። ቀኑን ሙሉ እየቀየርኩ ቡና አፈላሁ፣ ባለቤቴን ሸኘሁ፣ እንግዳ ተቀበልኩ። እናቴም ዝም ያልኩትን ዝም ብላ ታየኛለች።

ልጁን በማህፀን ውስጥ የሚከበው የሽርት ውሃ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈሰው ምጥ ከጀመረ በኋላ ነው። ወሯ ከገባ አሥር ሴቶች መካከል አንዷ ገደማ ግን ምጥ ሳይመጣ ይፈስባታል። ሁልጊዜም እንደ ጎርፍ አይደለም፤ በጠብታ የሚጀምርበት ብዙ ነው። ሽንት ሲቋጥሩት ይቆማል፣ ሽታውም ይለያል። የሽርት ውሃ ቢቋጥሩትም አይቆምም፣ የሽንት ሽታ የለውም። ንጹሕ የንጽሕና መጠበቂያ አድርጎ ግማሽ ሰዓት ያህል ጋደም ብሎ መነሳት ነው፤ ሲቆሙ ጠብ ካለ መልሱ ታውቋል። ከዚያ በኋላ የሚታየው ቀለሙ ነው። የጠራ ወይም ትንሽ የነጣ ከሆነ ጊዜ አለ፤ ቢሆንም መሄድ ነው። አረንጓዴ ወይም ቡናማ ከሆነ ልጁ ውስጥ እያለ ዓይነ ምድር ወጥቶታል፤ ሽታ ካለው ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል። በሁለቱም ለደቂቃ መጠበቅ የለም። ውሃው የልጁ አጥር ነው፤ አጥሩ ከተከፈተ በኋላ በየሰዓቱ ሕመም የመግባት ዕድሉ ይጨምራል። ጭንቅላቱ ገና ወደ ዳሌ ካልገባ ደግሞ እትብቱ ቀድሞ ሊወጣ ይችላል። ይህንን ሁሉ ያን ቀን አላውቅም ነበር።

ማታ 2 ሰዓት ላይ እትዬ እንደ ልማዳቸው ሊጠይቁኝ ገቡ። ለሦስተኛ ጊዜ ወደ ጓዳ ስገባ ተከትለውኝ መጡና «ምን እየሆንሽ ነው?» አሉኝ። እናቴ ፊት ነገርኳቸው። አንድ ቃል አልተናገሩም፤ ወደ ውጭ ወጥተው ባጃጅ አቆሙ።

በባጃጁ ውስጥ እናቴ በአንድ ጎኔ፣ እትዬ በሌላው። ባለቤቴ ከሾፌሩ አጠገብ ተጨናንቆ። የሐይቁ ዳር መብራቶች አንድ በአንድ ያልፋሉ፤ እኔ ልጁ መንቀሳቀስ አለመንቀሳቀሱን ብቻ ነበር የማደምጠው። ሲራገጥ አለቀስኩ። የተረኛዋ አዋላጅ የመጀመሪያ ጥያቄ «ውሃው ከፈሰሰ ስንት ሰዓት ሆነው?» የሚል ነበር። አሥራ አራት ሰዓት። ቁጥሩን ከአፌ ሳወጣው ነው የከበደኝ። አልተቆጣችኝም። ጻፈችው፣ የልጁን የልብ ምት በእንጨት ማዳመጫዋ ሰማች፣ ሙቀቴን ለካች፤ እኩለ ሌሊት ላይ 18 ሰዓት ሲሞላ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት በደም ሥሬ ሰጠችኝ።

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ምጡ መጣ። ከከተራው ዕለት ጋር የሚያገናኘው ነገር አልነበረም። ከወገቤ አጥንት ይነሳና በሁለቱም ጎን ዞሮ እንብርቴ ሥር ይቋጠራል፤ አንድ ሰው መቀነት አስታጥቆኝ እየጎተተ የሚያጠብቀው ይመስል። ይለቀኛል፤ ይመለሳል። ብራመድ አይተወኝም፣ ብጋደምም አይተወኝም። በመጀመሪያው ሰዓት እያመመኝም ከእናቴ ጋር አወራ ነበር፤ በኋላ ሲመጣ ዓረፍተ ነገሬን መጨረስ አቃተኝ። አዋላጇ እጇን ሆዴ ላይ አሳርፋ ሰዓቷን እያየች በ10 ደቂቃ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚመጣና ስንት ሰከንድ እንደሚቆይ ትቆጥራለች። አንድ፣ ሁለት፣ በኋላም ሦስት፤ እያንዳንዱ ከ40 ሰከንድ በላይ። ቤት ሆና የምትቆጥር ሴትም ከዚህ የተለየ መሣሪያ አያስፈልጋትም፤ የእጅ ሰዓትና የገዛ እጇ ይበቃታል። የመጀመሪያ ልጇ ከሆነና ቤቷ ቅርብ ከሆነ በየአምስት ደቂቃው፣ አንድ አንድ ደቂቃ እየቆየ፣ ለአንድ ሰዓት ሲቀጥል መነሳት ነው። የወለደች ከሆነች ከዚያ ቀደም ብላ።

ቅርብ ከሆነ አልኩ። ጣና ላይ «ቅርብ» የሚለውን ቃል በጥንቃቄ ነው መናገር። ከደቅ ደሴት ወይም ከሐይቁ ማዶ ለምትመጣ ሴት ጀልባና ማዕበል አሉ፤ ሌሊት ደግሞ ጀልባም የለም። ለእሷ ምልክቱን ጠብቆ መነሳት አይሠራም። ወሯ ሲገባ ወደ ጤና ተቋም ቀርባ የምትቆይባቸው የእናቶች ማቆያ ቤቶች የተሠሩት ለዚህ ነው፤ ከተማ ውስጥ ዘመድ ያላትም አስቀድማ ብትመጣ አይነወርባትም። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ የጤና ጥናት በጤና ተቋም የወለዱት ከመቶ 26 እናቶች ብቻ ነበሩ፤ በ2019 ደግሞ 48 ደርሰዋል። ለውጡ ትልቅ ነው። እኔ ግን ስለቀሩት 52 ማሰቤን አልተውኩም። ከእነሱ ስንቶቹ መንገድ አጥተው ነው? ስንቶቹስ እንደ እኔ ምልክቱን እያዩ «ለማንም እንዳትናገሪ» ተብለው?

ልጄ ዓርብ ጥር 18፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ተወለደች፤ ከተቆጠረላት ቀን ሦስት ቀን ቀድማ። እትዬ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያሉ ገቡ። እናቴ ግን ልጅቷን ታቅፋ ጥግ ላይ ቁጭ እንዳለች አልተነሳችም። ሲመሽና ሰው ሁሉ ሲሄድ፣ ወደ እኔ ሳታይ፣ ከእኔ በፊት ስለነበረው ልጇ ነገረችኝ። ሁለት ቀን አምጣለች። የመጀመሪያው ቀን እንጨት ለቅማለች፣ ውሃ ቀድታለች፤ ለአማቷም አልነገረችም። በሁለተኛው ቀን ማለዳ ልጁ መንቀሳቀስ ሲያቆም «ምጥ ሲቃረብ ልጅ ዝም ይላል» ሲባል ሰምታ ስለነበር አልደነገጠችም።

አይልም። ይህን ያነበበች ነፍሰ ጡር ሌላውን ሁሉ ብትረሳ ይህን እንዳትረሳ እለምናታለሁ። ወሩ ሲገባ ልጁ ቦታ ስለሚጠበው የእንቅስቃሴው ዓይነት ሊለወጥ ይችላል፤ ከመራገጥ ይልቅ መገፋትና መሽከርከር ይመስላል። መጠኑ ግን አይቀንስም፤ በምጥ ጊዜም ይንቀሳቀሳል። በግራ ጎን ተኝቶ መቁጠር ነው፤ በሁለት ሰዓት ውስጥ 10 እንቅስቃሴ ካልተሰማ ነጋ መሸ ሳይሉ መሄድ ነው። ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ የፊትና የእጅ እብጠት፣ ትኩሳት፣ ማንቀጥቀጥም እንዲሁ። አዋላጇ እነዚህን በካርዴ ጀርባ በቀይ እስክሪብቶ ጽፋልኝ ነበር፤ ካርዱን እስካሁን አስቀምጬዋለሁ።

ባለፈው ዓመት ታናሽ እህቴ ዘጌ እናታችን ቤት ሆና የመጀመሪያ ልጇን ትጠብቅ ነበር። ዘጠነኛ ወሯ ላይ አንድ ቀን ንጋት ላይ ስልኬ ጮኸ። እናቴ ናት። ሰላምታ እንኳ አላስቀደመችም።

«ሆድዋ ወርዷል» አለችኝ። «ማታ ደግሞ ወገቧን ሲቆርጣት አደረ። ለጎረቤቱም ነግሬያለሁ፤ ጀልባውም 2 ሰዓት ላይ ይነሳል። ወደቡ ላይ ጠብቂን።»